1ን ከፕራይም ቁጥርነት ማን አወጣው?

ጥያቄው፦ «ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ውስጥ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ባለፈው 1 ፕራይም ቁጥር አይደለም ብዬ ሳስረዳ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ‘ዱሮ ግን ነበር አሉ’ አለኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ልጁ እውነቱን ነው። እኔ ደግሞ ‘ሳይንስ ይለወጣል፣ ሒሳብ ግን ንቅንቅ አይልም’ ስል ነው የከረምኩት። ታዲያ ነገሩ ፕሉቶን ከፕላኔትነት እንዳወጧት ነው? ማን ወሰነ? አንዴ የተረጋገጠ ነገር ለዘላለም እውነት ከሆነ የሚለወጠው ምኑ ነው? ለልጁስ ምን ልበለው?»

ምላሽ፦

ሰላም መምህር። ተማሪዎን በርታ ይበሉልኝ። እኔም እዚሁ ጅማ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ የማጠናው ደግሞ የሒሳብን ታሪክ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ በአጭሩ የምመልሰው ዓይነት አልሆነልኝም፤ ትንሽ ይታገሡኝ። ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከፕሉቶ እንጀምር። እሷ ላይ ድምፅ ተሰጥቷል። በ2006 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ፕራግ ላይ ተሰብስቦ ወሰነ፣ አበቃ። 1 ላይ ግን ስብሰባ የጠራ የለም፤ ቃለ ጉባኤም አይገኝም። ነገሩ ቀስ እያለ ነው የተቀየረው፤ የተቀየረውም ከአንዴ በላይ ነው።

ለጥንታዊው ግሪካዊ የጂኦሜትሪ ሊቅ ለኤውክሊድ ቁጥር ማለት የአሃዶች ስብስብ ነበር። 1 የቁጥር መነሻ እንጂ ራሱ ቁጥር አልነበረም። ቁጥር ካልሆነ ደግሞ ፕራይም ነው ወይስ አይደለም ብሎ መጠየቅም የለም። በ1742 ጎልድባኽ ለሒሳብ ሊቁ ለኦይለር ያንን ዝነኛ ግምቱን (ከ2 የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ሁሉ የሦስት ፕራይሞች ድምር ነው የሚለውን) ጽፎ ሲልክ 1ን ከፕራይሞቹ ጋር ቆጥሮታል። በ1914 ሌመር የተባለው አሜሪካዊ ከ10 ሚሊዮን በላይ የሚዘልቅ የፕራይም ቁጥሮች ዝርዝር አሳተመ። ዝርዝሩ የሚጀምረው በ1 ነው! እንግዲህ ይሄ የሩቅ ዘመን ወሬ አይደለም።

ታዲያ ምን ገፋው? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት ይሄ ነው፦ 12ን በፕራይሞች ስንበትነው 2 × 2 × 3 ይሆናል፣ ሌላ መንገድ የለውም። 1 ፕራይም ከሆነ ግን 1 × 2 × 2 × 3፣ 1 × 1 × 2 × 2 × 3 እያልን ማለቂያ የለንም። ምክንያቱ ልክ ነው፤ ግን ብቻውን ደካማ ነው። ቁጥር በፕራይሞች የሚበተነው በአንድ መንገድ ብቻ ነው የሚለው ቲዮረም (የተረጋገጠ የሒሳብ እውነት) ላይ «ከ1 በስተቀር» የሚል ሐረግ መጨመር ይበቃ ነበር። ሰዉም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ እያለ ኖሯል።

ጉዳዩን የቆረጠው በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቁጥር ዓይነት መብዛቱ ነው። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1832 የ−1ን ስኩዌር ሩት ከተራ ሙሉ ቁጥሮች ጋር ቀላቅሎ አዲስ የቁጥር ዓለም አቀረበ። እዚያ ሁሉንም ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍሉ አራት ናቸው፦ 1፣ −1፣ የ−1 ስኩዌር ሩት እና የእሱ ኔጌቲቭ። 1 ብቻውን የነበረ ጊዜ ልዩ ነገር ይመስል ነበር። ጓደኞች ሲያገኝ ግን የትኛው ወገን እንደሆነ ታየ። «ዩኒት» የሚባል ራሱን የቻለ ክፍል ተፈጠረና 1 እዚያ ገባ።

ከዚያ የባሰ መጣ። የ−5ን ስኩዌር ሩት ብንጨምርስ? እዚህ ዓለም ውስጥ 6 በሁለት መንገድ ይበተናል። አንዱ 2 × 3 ነው። ሌላው (1 + √−5) × (1 − √−5) ነው። ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ ያባዙላቸው፤ 1 + 5 ይመጣል። አራቱም ቁጥሮች ከዚያ በላይ አይሰበሩም። 2 ደግሞ 6ን ያካፍላል፤ ከሁለተኛው ጥንድ ግን አንዱንም አያካፍልም። ለሺህ ዓመታት እንደ አንድ ነገር ሲታዩ የኖሩ ሁለት ጠባዮች እዚህ ተለያዩ፦ «የማይሰበር» መሆን እና «ብዜትን ካካፈለ ከአባዢዎቹ ቢያንስ አንዱን ማካፈል»። ዛሬ ባለሙያው ፕራይም የሚለው ሁለተኛውን ነው። 9ኛ ክፍል የምናስተምረው «በ1 እና በራሱ ብቻ የሚካፈል» የሚለው ብያኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያውን ነው የሚገልጸው። በተራ ቁጥሮች ሁለቱ ስለሚገጥሙ ችግር አይፈጥርም። ሽፍንፍን አድርገን እናልፋለን።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ፦ የሚለወጠው ምኑ ነው? ይሄን ከንግግር ይልቅ በሳሙና ማሳየት ይሻላል። ከየትኛውም ሱቅ አንድ ደረቅ የልብስ ሳሙናና ቢላ ይዘው ክፍል ይግቡ።

ሳሙናው እንዳለ ጫፎቹ 8፣ ጠርዞቹ 12፣ ፊቶቹ 6 ናቸው። 8 − 12 + 6 = 2። ኦይለር በ1750 ለጎልድባኽ በጻፈው ደብዳቤ ያነሳው ይሄንን ነው፦ ጠፍጣፋ ፊቶች ባሉት ጠጣር ቅርጽ ሁሉ ጫፍ ሲቀነስ ጠርዝ ሲደመር ፊት 2 ነው። ፒራሚድ ይሞክሩ፣ ያው 2። አንዱን ጥግ በቢላ ቆርጠው ይጣሉ፣ አሁንም 2። አንድ ፊት ላይ ከጥግ እስከ ጥግ መስመር ቢያሰምሩ እንኳ አንድ ጠርዝና አንድ ፊት ስለሚጨመር 2 ይቀራል። ልጆቹ እዚህ ላይ ቲዮረሙን ማመን ይጀምራሉ። ይመኑ።

ቀጥሎ ከላይኛው ፊት መሐል ላይ አራት ማዕዘን ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ ግን ወደ ታች አያሳልፉት። ይቁጠሩ። ጫፍ 16፣ ጠርዝ 24። ፊት ደግሞ የዱሮዎቹ 6 እና የጉድጓዱ 5፣ በድምሩ 11። 16 − 24 + 11 = 3። ኧረ ቲዮረሙ ወደቀ!

ቆይ፣ ገና ነው። ጉድጓዱን እስከ ታች ያሳልፉት። ጫፍ 16፣ ጠርዝ 24፣ ፊት 10። 16 − 24 + 10 = 2። ተመለሰ!

ይሄ ውጤት ሊያምኑት የሚከብድ ነው። ያልተበሳው ሳሙና ሕጉን ይጥሳል፣ ወገቡ ተበስቶ ማዶ የሚያሳየው ያከብራል። የሆነ ነገር ጠፍቷል ማለት ነው። ጥፋቱ ያለው የላይኛው ፊት ላይ ነው። መሐሉ ክፍት የሆነ፣ ቀለበት የመሰለ ነገር እንደ አንድ «ፊት» ይቆጠራል? ከውጭኛው ጥግ ወደ ጉድጓዱ ጥግ አንድ መስመር ያስምሩ። ቀለበቱ አልተከፈለም፣ ያው አንድ ፊት ነው፤ ጠርዝ ግን አንድ ጨመረ። ያልተበሳው ሳሙና 16 − 25 + 11 = 2 ሆነ። የተበሳው ላይና ታች ሁለት ቀለበት ስላለው ሁለት መስመር ያስፈልገዋል፦ 16 − 26 + 10 = 0። አሁን እውነቱ ወጣ። ቁጥሩን የሚቀይረው ከላይ እስከ ታች ያለፈው ቀዳዳ ነው፤ ጎድጎድ ማለት ብቻውን ምንም አያመጣም።

ልጆቹን ማየት ነው እንግዲህ። አንዱ «የተበሳ ሳሙና ጠጣር ቅርጽ አይባልም» ይላል። ሌላዋ «ፊት ማለት መሐሉ ያልተከፈተ መሆን አለበት» ትላለች። ሦስተኛው «ቲዮረሙ ውሸት ነው፣ በቃ» ብሎ ይቀመጣል። ይሄ ክርክር በታሪክ የተካሄደ ነው። ሉዊሊዬ የተባለው የስዊስ ሰው በ1813 ቀዳዳ ያላቸውን፣ ቀለበታማ ፊት ያላቸውን፣ ውስጣቸው ባዶ የሆኑትን ቅርጾች ለይቶ አስቀመጠ። ሄሰል በ1832 ክሪስታል ውስጥ ሌላ ክሪስታል የተዘጋበት ማዕድን ጠቀሰ፤ ኪዩብ ውስጥ ኪዩብ እንደማለት ነው፣ ሲቆጠር 4 ይሰጣል። በመጨረሻ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፖይንካሬ በ1895 ነገሩን ገለበጠው። 2 ያልሰጠውን ቅርጽ ከማባረር ይልቅ ቁጥሩ ራሱ ስለ ቅርጹ ምን ይነግረናል ብሎ ጠየቀ። ዛሬ 2 ሲመጣ ቀዳዳ የለውም፣ 0 ሲመጣ አንድ ቀዳዳ አለው፣ −2 ሲመጣ ሁለት እንላለን። ዱሮ እንደ እንከን የሚታየው ነገር ዋናው መልእክት ሆኖ አረፈው።

ታዲያ ኦይለር ተሳስቷል? ኦይለር ያሰባቸው ቅርጾች ላይ የተናገረው ዛሬም ይሠራል። ያልሠራው «ሁሉ» የሚለው ቃል ነው። ለምን ቢባል «ጠጣር ቅርጽ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ በትክክል የበየነው አልነበረም። አያስፈልገውም ነበርና። ብያኔ ከመማሪያ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ስለሚቀመጥ ሥራው ከእሱ የሚጀምር ይመስለናል። ብዙ ጊዜ ግን የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ስንት ጭቅጭቅ ካለፈ በኋላ።

ሃንጋሪ የተወለደው ፈላስፋ ኢምሬ ላካቶሽ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ሐሳቡን የገነባው በዚሁ የኦይለር ታሪክ ላይ ነው። ማፍረሻ ምሳሌ ሲመጣ፣ ማረጋገጫው የቱ ጋ እንደሚሰበር እናያለን፤ ከተሰበረበት ቦታ አዲስ ጽንሰ ሐሳብ ይበቅላል ይላል። ለዚህ ሌላ ጥሩ ማሳያ አለ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮሺ በ1821፣ ያልተቋረጡ (ግራፋቸው ሳይዘል የሚሄድ) ፋንክሽኖች ማለቂያ የሌለው ድምር፣ ድምሩ ወደ አንድ ዋጋ እስከተጠጋ ድረስ፣ እሱም ያልተቋረጠ ነው ብሎ አረጋገጠ። በ26 ዓመቱ የሞተው ኖርዌጂያዊው አቤል በ1826 የግርጌ ማስታወሻ ላይ፣ በትሕትና፣ ይሄ ቲዮረም የማይሠራበት ቦታ ያለ ይመስለኛል አለ። ምሳሌው ሳይን ኤክስ፣ ሲቀነስ የሳይን 2ኤክስ ግማሽ፣ ሲደመር የሳይን 3ኤክስ ሲሶ፣ እያለ የሚቀጥለው ድምር ነው። ከፓይ በታች የኤክስን ግማሽ ይዞ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ፓይ ላይ ሲደርስ 0። ከፓይ አለፍ ሲል ከኔጌቲቭ ይጀምራል። እያንዳንዱ ተደማሪ ልስልስ ያለ ነው፤ ድምሩ ግን ዘለለ።

ማረጋገጫው የቱ ጋ ተሰበረ? ድምሩ ወደ ዋጋው የሚጠጋበት ፍጥነት ላይ። ወደ ፓይ በቀረቡ ቁጥር ብዙ ተደማሪ ያስፈልጋል፤ ለሁሉም ነጥብ የሚበቃ አንድ ገደብ የለም። ስቶክስና ዛይድል በ1847፣ እርስ በርስ ሳይተዋወቁ፣ እዚህ ቦታ ላይ እጃቸውን አሳረፉ። ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ልጆችን የሚያስለቅሰው ዩኒፎርም ኮንቨርጀንስ የመጣው ከዚያ ነው። ደግሞ ገራሚው፦ ኮሺ በራሱ ቋንቋ አልተሳሳተም የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። እሱ ማለቂያ የሌላቸው ትንንሽ መጠኖችንም እንደ ነጥብ ይቆጥር ነበር፣ ስለዚህ የጠየቀው ቅድመ ሁኔታ እኛ ካነበብነው የጠነከረ ነው ባይ ናቸው። እኔ ግማሽ በግማሽ ነው የሚያሳምነኝ። ግን ክርክሩ ራሱ ደስ ይላል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር እውነት ይሁን ውሸት ለመወሰን፣ የጻፈው ሰው ነጥብ ሲል ምን ማለቱ እንደነበር ማወቅ ግድ ሆነ ማለት ነው።

ላካቶሽን እወደዋለሁ፤ ግን ያጋንናል። ሁሉም ለውጥ በጭቅጭቅና በማፍረሻ ምሳሌ አይመጣም። ምንም ሳይፈርስ፣ ስሌቱም ሳይለወጥ፣ ሐሳቡ ብቻ የሚቀየርበት ጊዜ አለ። ለዚህ እሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ የበዓላትን ቀን የምናወጣበት የእኛው ባሕረ ሐሳብ አለ። 2018 ዓ.ም.ን ይውሰዱ። 5500 ሲደመርበት 7518። በ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል። አንድ ሲቀነስ 12፣ ይሄ ወንበር ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፣ አበቅቴ። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ በ30 ሲገደፍ 18፣ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30። ሊቃውንቱ ይሄንን በቃላቸው ነው የሚያወርዱት።

ለምን ሁልጊዜ 30 እንደሚሆኑ የ9ኛ ክፍል ልጅ ሊያስረዳ ይችላል፦ 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ ነው። ጋውስ በ1801 ያደረገው ይሄን ዓይነቱን ስሌት ዕቃ ማድረግ ነው። ቀሪ ከማካፈል የሚተርፍ ትርፍራፊ መሆኑ ቀረ። ምልክት ተሰጠው፣ የሚደመርና የሚባዛ ራሱን የቻለ ነገር ሆነ። ቀሪን መሠረት አድርጎ ማስላት ከጋውስ በፊት ብዙ ዘመን አለው፤ በባሕረ ሐሳብ የሚወጣው ፋሲካም ከጋውስ በኋላ በአንድ ቀን እንኳ አልተዛነፈም። የተለወጠው የምንጠይቀው ጥያቄ ነው። ዱሮ «ዘንድሮ በዓሉ መቼ ነው?» ነበር። አሁን «ቀሪዎች እርስ በርሳቸው ምን ዓይነት ጠባይ አላቸው?» ሆነ።

ኔጌቲቭ ቁጥርም ከዚሁ ወገን ነው። ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 ሕጎቹን በሀብትና በዕዳ ቋንቋ ነበር የጻፋቸው። ለጅማ ልጅ ይሄ አያስቸግርም። ሰብሳቢው ከቡና አቅራቢው 20,000 ብር ቅድሚያ ወስዶ ፈረሱላውን ገና ካላስረከበ ከዜሮ በታች ነው፣ አለቀ። መደመርና መቀነስ በዚህ ይገባል። ማባዛት ላይ ግን ምሳሌው ያጭበረብራል። ዕዳ በዕዳ ሲባዛ ምን ማለት ነው? ምንም። አውሮፓውያን እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጨቃጨቁት ወደው አይደለም። እንግሊዛዊው ማዜሬስ በ1758 ኔጌቲቭን ከአልጀብራ ጠራርጎ ለማስወጣት መጽሐፍ እስከመጻፍ ደርሷል። መፍትሔ የመጣው ቁጥር የሚቆጠር ነገር ስም መሆን አለበት የሚለው ሐሳብ ሲለቀቅ ነው። የድሮው የማከፋፈል ሕግ ይቀጥል ካልን −3 ሲባዛ በ(5 + −5) 0 መሆን አለበት፤ −3 × 5 ደግሞ −15 ነው፤ ስለዚህ −3 × −5 የግድ 15 ነው። ሀንከል በ1867 በግልጽ ያስቀመጠው ይሄንን ነው። ሕጉን ጠበቅን፣ ትርጉሙ ተከተለ።

እና አብዮት አለ ወይስ የለም? ማይክል ክሮው የተባለ የታሪክ ሰው በ1975፣ ሒሳብ ውስጥ አብዮት የሚባል ነገር የለም ብሎ ደመደመ። አብዮት ማለት የነበረው ንጉሥ ሲወርድ ነው፤ ኤውክሊድን ደግሞ ያወረደው የለም አለ። ሎባቼቭስኪ በ1829፣ ቦያይ በ1832፣ በአንድ ነጥብ ላይ ከአንድ በላይ ትይዩ መስመር የሚያልፍበትን ጂኦሜትሪ ሲያመጡ የኤውክሊድ ቲዮረሞች አንዱም አልተሰረዘም። ዳውበን የተባለው ሌላ የታሪክ ሰው ደግሞ አብዮትማ አለ፤ አሮጌው ባይጣልም ቦታው ይወርዳል ብሎ ተከራከረው። እኔ ከዳውበን ነኝ። ከ1829 በፊት የኤውክሊድ ጂኦሜትሪ ስለ ዓለም እውነቱ ነበር። በኋላ ከብዙዎቹ አንዱ ሆነ። ቲዮረሞቹ እዚያው ናቸው፣ የተቀመጡበት ወንበር ግን ያው አይደለም።

መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ አለመሆኑንም ልብ ይበሉ። ኒውተንና ላይብኒትስ ካልኩለስን የገነቡባቸው እጅግ ትንንሽ መጠኖች፣ ዜሮም ያልሆኑ ከዜሮም የማይሻሉ፣ በ1734 ጳጳሱ በርክሊ «የሞቱ መጠኖች መናፍስት» ብሎ ቀልዶባቸዋል። ልክም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሊሚት ተተክተው ተባረሩ። በ1960ዎቹ አብርሃም ሮቢንሰን በሎጂክ መሣሪያ አስተካክሎ፣ እንከን የለሽ አድርጎ መለሳቸው። የተጣለ ሐሳብ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ወረቀቱን አሟልቶ ሲመለስ ሌላ ቦታ እምብዛም አይታይም።

«ታዲያ ሒሳብ ይገኛል ወይስ ይፈጠራል?» የሚለውን ተማሪዎ ቀጥሎ መጠየቁ አይቀርም። ፕላቶን ተከትለው ይገኛል የሚሉት ጠንካራ ነጥብ አላቸው፦ የተበሳውን ሳሙና መስመሮቹን አስምሮ ማንም ቢቆጥረው 0 ይመጣል፣ ምኞት አይቀይረውም። ይፈጠራል የሚሉትም አላቸው፦ ቀለበቱን ፊት እንበለው አንበለው የሚለውን ሳሙናው አይነግረንም። እኔ የምለው፣ አንድ ቲዮረም ሁልጊዜ «ይሄ ከሆነ፣ ያ ይሆናል» የሚል ነው። በ«ከሆነ» እና በ«ይሆናል» መካከል ያለው ማሰሪያ አይላላም። የቱ «ከሆነ» ሊጠና ይገባዋል የሚለው ግን የሰው ምርጫ ነው፤ የዘፈቀደ ምርጫ ደግሞ አይደለም። መጥፎ ብያኔ የመረጠ ሰው ቲዮረሙ ሁሉ «ከዚህ በስተቀር፣ ከዚያ በስተቀር» እየሞላበት ይቸገራል። 1 ከፕራይሞች የወጣው በዚህ ነው።

እንግዲህ ለልጁ፣ «የጎልድባኽ ግምትና የእኛ ግምት አንድ አይደሉም፤ እሱ 1ን ቆጥሯል» ብለው ይጀምሩለት። ከዚያ የቤት ሥራ ይስጡት፦ 1 ፕራይም ነው ብሎ ይነሳና ከመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ የትኞቹ ዓረፍተ ነገሮች መታረም እንዳለባቸው አንድ በአንድ ጽፎ ያምጣ። ሳሙናውን ደግሞ ለሁለት ክፍለ ጊዜ ይያዙለት፤ በአንዱ አያልቅም። ቢላውን ግን እርስዎ ይያዙ።